ማያ ስለ ፒዩሪታኖች ስትናገር የጠራችው ስም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአቶ ውብሸት
ሐዋሳ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ሳሉስ ተወዎት? እማዬስ ደኅና ናት? እኛ በዚህ ክፉ በሽታ መካከል እግዚአብሔር ጠብቆን ደኅና ነን። ባለቤቴን ሕዝቅኤልን ሆቴሉ መልሶ ጠርቶት የቀን ሺፍት ገብቷል። የልጅ ልጅዎ ማያ አሁንም ከቤት ሳትወጣ በኮምፒውተር ትማራለች።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ እሷ ነው። የታሪክ መምህሯ ስለ ፒዩሪታኖች ለክፍሉ እንድትናገር አዟት ነበር፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለ እምነታቸው ከእንግሊዝ ተሰደው ስለመጡት ሰዎች ማለት ነው። ሰኞ ዕለት ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማኋት። አሜሪካኖች ሥራን እንደ ጸሎት ማየታቸው፣ ሀገራችንን እግዚአብሔር መርጧታል ማለታቸው ከእነዚያ ሰዎች የወረሱት ነው አለች። ልጆቻቸው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነቡ ብለው ትምህርት ቤት መክፈታቸውንም አመሰገነች። ግን የነባሩን ሕዝብ መሬት ወሰዱ፤ ራሳቸው ስለ እምነት ተሰደው መጥተው፣ በእምነት ያልመሰላቸውን ደግሞ አባረሩ አለች።

ይኼኔ አንዱ ተማሪ፣ ያንቺ ሰዎች ከአፍሪካ ናቸው፤ ይህ ታሪክ አንቺን ምን አገባሽ? አላት።  እሷም፣ አያቴ ውብሸት ይባላል፤ በደርግ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ስለጸለየ ታሰረ፤ እምነትህን ክደህ ውጣ ሲሉት አልክድም ብሎ እስር ቤት ቆየ፤ ስለዚህ ታሪኩ የእኔም ነው አለች።

እኔ ይህን ነግሬያት አላውቅም። ለካ ክረምቱን ከእርስዎ ጋር በስልክ ስታወሩ የነበረው እሱን ኖሯል። እማዬ እኔን አዝላ ስንቅ ስታመላልስ የኖረችበትን ዘመን፣ እዚህ የተወለደች ልጅ ሳትፈራ ተናገረችው። የልጅ ልጆቼ ባሕር ማዶ ቀለጡ ብለው አዝነው አልነበር? አልቀለጡም፣ አባባ። ሽንኩርቱን ትቼ አለቀስኩ፤ ደረቴም ተነፋ።

መምህሩ አሁን እርስዎ ራስዎ በዙም ለተማሪዎቹ እንዲያወጉ ይለምናል። ማያ እኔ አስተረጉማለሁ ብላለች። ሕዝቅኤል፣ ያንቺንስ አማርኛ ማን ያስተረጉምልሻል ብሎ ቢስቅባት አኮረፈች፤ ከዚያ ወዲህ ሕሊና ማለት ምንድን ነው፣ ግፍ ማለትስ እያለች ትጠይቀኛለች። እባክዎ እሺ ይበሏት። ስምዎን ስትጠራ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

እማዬ ጽጌወይንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እቴ ትብለጥን ናፍቄሻለሁ ይበሉልኝ፤ ልጆቿንም አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ሕዝቅኤልና ማያ እጅ ይነሳሉ።

ልጅዎ ቢታንያ
ፓራዳይዝ፣ ላስ ቬጋስ
ኅዳር 17 ቀን 2013 ዓ.ም.