የተከራዩ ድምፅ

ጥቅምት 6

የአንድ ሶፋ አሮጌ ጨርቅ ስገፍፍ ዋልኩ። ባለቤቷ አሁንም አበባማ ጨርቅ ይሁንልኝ አለች። ትላልቅ ቀይ አበቦች። ይሰለችሻል ብላት አኮረፈች። ይሁን፣ የምትቀመጥበት እሷ ናት።

ማታ እህቴ ጋ። ጨርቁ ተጠቅልሎበት የመጣውን የካርቶን ቱቦ ይዤ ገባሁ። አንዱን ጫፍ የገፋ ሆዷ ላይ፣ ሌላውን የልጇ ጆሮ ላይ ደገንኩ። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ማነው የሚያንኳኳው? ሰው ተኝቷል እኮ" አልኩ። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። ጠበቃው ነው የምለው፤ ገና በአምስት ዓመቱ ተኛ ሲሉት በምን ምክንያት ይላል። ዛሬ ምክንያት አጣ።

ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ መናገር ማንም አላስተማረኝም። መስታወት ፊት ቆሜ ስንት ምሽት... ለካ ለዚህ ቀን ነበር።

ታላቅ እህቱ እሜቴ አልተሸወደችም። አፌን ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ጠቀስኳት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ምስጢር ትይዛለች።

ሆድ ውስጥ ያለውን ሰውዬ "ተከራዩ" ብለነዋል። ኪራይ አይከፍልም፣ ሌሊት ሌሊት ይራገጣል፣ ደግሞ ከአከራይዋ ሳህን ይበላል።

ጥቅምት 14

ተከራዩ የቤቱ አዛዥ ሆኗል። እናት ጥርሳችሁን ታጠቡ ስትል የሚሰማት የለም፣ እሱ ሲል ተሰልፈው ይሄዳሉ። ጠበቃው ቱቦው ውስጥ አፉን ከትቶ እዚያ ጨለማ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጨለማ ነው፣ ግን ይሞቃል ተባለ።

እህቴ "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ሳይወለድ ቀልማዳ አደረግከው" ትለኛለች። ቱቦውን አምጣው የምትለው ግን ራሷ ናት። ባሏም ከመንገድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ተከራዩ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይከርማል።

ጥቅምት 23

ዛሬ ጠብ ነበር። ትንሹ አልጋ ለተከራዩ ሊለቀቅ ነው። ለጠበቃው ትልቅ አልጋ ተገዝቶለታል፤ ፍራሹንም እኔው ከደህና ስፖንጅ ቆርጬ ሰፋሁለት። አልለቅም አለ። መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ ይላል። ቀላል ክርክር አይደለም። እናቱ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ ተከራዩ ራሱ ገባበት። "አልጋዬን ካልለቀቅክልኝ አልመጣም!"

ጠበቃው ቱቦውን ነጠቀኝና አፉ ላይ አድርጎ ጮኸበት። "ቅር!"

እህቴ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ኅዳር 2

እህቴ ጠዋት፣ "ዛሬ ዝም ብሏል" አለች። ቱቦውን አስደግፌ "ተኝቻለሁ፣ አትረብሹኝ" አልኩላት። ፈገግ አለች። ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ኅዳር 3

ሐኪም ቤት። የልብ ምት የለውም።

ኅዳር 5

ወለደችው። ወንድ ነው። ወለደች ነው የሚባለው? ነርሶቹም እንደዚያ ነው ያሉት።

አባቱ ከሩቅ መንገድ ሲበር መጣ። ምን ሊያደርግ... ሐኪሟ ቀድማችሁ ብትመጡም የሚለወጥ ነገር አልነበረም ብላናለች። እውነት ይሁን፣ ለእህቴ አዝና ይሁን አልጠየቅኩም።

ተኝቻለሁ ያልኩት ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ኅዳር 9

እህቴ ቤት ገብታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ጡቷ ወተት ይዟል፤ በፎጣ አስራዋለች።

ለልጆቹ አባታቸው ነገራቸው። ሕፃኑ ሞቷል፣ አይመጣም። እሜቴ እሱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጠበቃው አላለቀሰም። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ያ ልጅ...

ኅዳር 13

ጠዋት ጠበቃውን ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኙት። ያለ ፍራሽ፣ ያለ ብርድ ልብስ። ትንሹ አልጋ ባዶ፣ ትልቁም ባዶ። ሁለቱም በሥርዓት ተነጥፈዋል። እሱ አንጥፎ አያውቅም።

ኅዳር 14

ዛሬም ወለሉ ላይ ነው ያደረው። ትናንት ማታ አባቱ ተቆጣው። እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋዋ ተነስታ አቅፋ አስተኛችው፤ እነሱ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ተመልሶ ወረደ። ለምን ሲሉት ይዘጋቸዋል።

ከሰዓት እሜቴ ሱቄ መጣች። እግሯን እያወዛወዘች ቆየችና፣ "አልጋውን ለቅቆለት ነው" አለችኝ። "ትልቁንም ለቀቀለት። የፈለገውን ይምረጥ ብሎ።"

መቀሱን አስቀመጥኩ።

አልመጣም ያለው ማነው? እኔ። "ቅር" ብሎ የጮኸው ግን እሱ ነው... በእሱ ቤት እሱ ነው ያስቀረው።

ኅዳር 15

እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ቀላሉ መንገድ ሲዞርብኝ ዋለ። በዚያው ድምፅ "አልተቀየምኩህም፣ በል አልጋህ ላይ ተኛ" ብለውስ? ይተኛል። ነገስ? በጠራው ቁጥር አቤት ልልለት ነው? እስኪያድግ ድረስ?

ኅዳር 16

ነገርኩት። ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና አፌን እይ አልኩት። ከንፈሬን አንቀሳቅሼ፣ ያንን ድምፅ አወጣሁት። ማነው የሚያንኳኳው...

ጣቱን ከንፈሬ ላይ አደረገ። ድገመው አለ። ደገምኩት።

"ሁልጊዜ አንተ ነህ?"

"ሁልጊዜ እኔ ነኝ።"

"አልመጣም ያለውስ?"

"እሱም እኔ ነኝ። ሕፃኑ ምንም አላለም። አልተቆጣህም።"

"ቅር ስለው አልሰማኝም?"

"ባዶ ካርቶን ነው፣ ጠበቃው። እኔ ነኝ የሰማሁህ።"

ደረቴን በጡጫ መታኝ። ደጋግሞ። አልያዝኩትም። ሲደክመው ልቅሶው መጣ፤ ያኔ ያልመጣው ሁሉ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታናለች። ገባችና ትንሹ አልጋው ላይ አስተኛችው፤ እግሯን አጥፋ እሷም አጠገቡ ተኛች። ልወጣ ስል፣ "ደግ አደረግክ" አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እኔ ግን ከልጄ የሰማሁት ያንን ድምፅ ብቻ ነበር" አለች።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው።

ኅዳር 18

ቱቦውን ልጥለው ይዤ ስወጣ እህቴ ከእጄ ወሰደችው። የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 11

ሥራ በዝቷል። የአበባማው ሶፋ ባለቤት ተመልሳ መጣች። አበባው ሰለቻት። አላልኩም ነበር?

አባትየው ትናንት መንገድ ጀመረ። እራት ላይ የሴትዮዋን ነገር ለልጆቹ አነሳሁላቸው። እህቴም ገበታ ላይ ነበረች፤ በላች፣ ትንሽ ቢሆንም። አበቦቹ ሌሊት ሌሊት ስሟን እየጠሩ... ብዬ ልቀጥል ስል ጠበቃው ወንበሩን ስቦ ተጠጋኝ። ጣቱን ከንፈሬ ላይ አደረገ።

"በል፣ አሁን ቀጥል" አለ።

የአበቦቹን ወሬ ተውኩት። ሴትዮዋ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀይ አበባውን በጥፍሯ እየፋቀች፣ "ማነው እንዲህ ያለ ጨርቅ የመረጠልኝ?" ብላ እኔን እንደጠየቀችኝ ነገርኳቸው። ይሄ እንኳ እውነት ነው።

ሳቀ። ጣቱን ግን አላነሳም።