ናስረዲንን ያሰርኩበት ገመድ

የካቲት 2

ጆንያ ስናስር ዋልን። ከሰዓት ሥራ አስኪያጃችን ወ/ሮ ትዕግሥት ሰብስበውን፣ ሐሙስ ወደ ቴፒ መንገድ ካለው ጫካ ለሥልጠና እንወጣለን አሉ። ለሠራተኛው አንድነት ነው አሉ። ገመድ ላይ መንጠልጠል፣ በገመድ ወንዝ መሻገር...

"ዝንጀሮ ሊያደርጉን ነው" አለ ናስረዲን።

"አንተ ምን አስጨነቀህ፣ የለመድከው ነው!" አልኩት።

አብረን ነው ጆንያ አሳሪ ሆነን የተቀጠርነው። እሱ አሁን በሞተር ጌጫ ድረስ እየሄደ ከገበሬ ቡና ይረከባል፤ እኔ እዚያው መጋዘን ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስንበሻሸቅ።

የካቲት 5

ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ግን ልጻፈው።

ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ የሌላውን ገመድ ወገቡ ላይ ያስራል። አሰልጣኙ ኤፍሬም ያሳየንን ቋጠሮ ነበር ያሰርኩት። አይቶ "ጎሽ" ብሎ አለፈ። ከዚያ ናስረዲን "ጠበቀኝ፣ ትንሽ አላላልኝ" አለ። ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። በጆንያ ቋጠሮ! ጭነት ሲራገፍ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ፍትት በሚለው። እጄ ሌላ አያውቅም።

ወንዙ መሀል ሲደርስ የገመዱን ጫፍ ቅርንጫፍ ያዘው... ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጉልበቱ።

"እኔ ካየሁት በኋላ ማነው የነካው?" ኤፍሬም ጮኸ።

ዝም አልኩ። ናስረዲን ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ። እስክናገር ጠበቀኝ። ከዚያ "እኔ ነኝ፤ ጠብቆኝ ራሴ ፈትቼ አሰርኩት" አለ።

አሁንም ዝም አልኩ።

የካቲት 8

ሆስፒታል። ጠያቂዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ "ለምን እንደዚያ አልክ?" አልኩት።

"ማስጠንቀቂያ አለብህ። በንዴት እዚያው እንዳያባርሩህ ብዬ ነዋ። ሲበርድላቸው አንተው ትነግራቸዋለህ።"

"እነግራቸዋለሁ።"

ብርቱካን ልጬ አበላሁት። ሳቀም።

የካቲት 16

ቢሮው በር ድረስ ሄድኩ። ወ/ሮ ትዕግሥት ስልክ ላይ ነበሩ። ነገ።

የካቲት 17

ዛሬም ነገ አልኩ።

መጋቢት 11

ኢድ። በየዓመቱ ናስረዲን ቤት ነው የምውለው። ቀርቼ ምን ልበል? ሄድኩ።

ሚስቱ ዙሌይካ ምግብ እያቀረበች "ሲሞን፣ እስቲ ፍረደኝ" አለች። "ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲያስር የኖረ ሰው ራሱን ማሰር ያቅተዋል?"

ናስረዲን ቀና ብሎ አየኝ። ልክ እንደዚያን ቀን። ጠበቀኝ።

"ሾርባው ይጣፍጣል" አልኩ።

ሾርባው ይጣፍጣል! ምነው አፌን በቆረጠው። እየተራመድኩ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ባጃጅ ነጂው ቆሞ "ሰላም ነው፣ ወንድሜ?" እስኪለኝ ድረስ።

መጋቢት 22

"በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ለደረሰበት ጉዳት ድርጅቱ አይጠየቅም" ይላል ድርጅቱ ለናስረዲን የጻፈው ደብዳቤ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሏል፤ ሞተሩም ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔስ? ማስጠንቀቂያው ተረስቶ የመጋዘን ኃላፊ ሆንኩልህ! ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው።

ደውዬለት አላነሳም።

መጋቢት 29

ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር፣ ቆሜ።

ወ/ሮ ትዕግሥት መነጽራቸውን አወለቁ። "ዛሬ ነው እንዴ የምትነግረኝ? ትናንት መልቀቂያ አስገባ እኮ። ነገ ቤተሰቡን ይዞ ጅማ ይገባል።"

ከወደቀ ሃምሳ አራት ቀን ቆጠርኩ። ሹመቱን አነሱብኝ። ስለሱ ምንም አልተሰማኝም። ለናስረዲን ያን ደብዳቤ እንሽረዋለን አሉ... ጉልበቱንስ ማን ያሽርለታል?

መጋቢት 30

በጠዋት መናኸሪያ ደረስኩ። ዙሌይካ አይታኝ ፊቷን አዞረች። እሱ ክራንቹን ተደግፎ ቆሟል።

"ነገርኳቸው" አልኩት።

"ሰማሁ። ጥሩ አደረግክ።" ከልቡ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍራሽና ሻንጣቸው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ቢያንስ ይህን ላድርግለት ብዬ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። መጠምጠም ስጀምር ከታች ጠራኝ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ።

"ሲሞን... ውረድ። ሌላ ሰው ይሰረው።"

ወረድኩ።

ሾፌሩ ወጥቶ አሰረው። በጆንያ ቋጠሮ፣ በዚያው፣ ሳብ ሲያደርጉት በሚፈታው። ናስረዲን ቀና ብሎ አየውና "ጎሽ፣ በቃ" ብሎ ገባ።