በአሞራ በዓል ላይ ስለተጠራው ስም

መቱ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጉሮሮዎ ከትናንቱ የሁለት ሰዓት ንግግር ያገገመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ዝም ያለ ሰው ጉሮሮውን አያመውም።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍሁት በዓላችንን ስላሳደጉልን ለማመስገን ነው።

1ኛ. ክረምቱ ሲወጣ ንስሮቹና ጭልፊቶቹ በሰማያችን ሲያልፉ፣ ቀድሞ ወደ ኮረብታው የሚወጣው የፈለገ ብቻ ነበር። አሁን የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይሰጠውም። ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ አሞራ ወዳድ ሆኗል።

2ኛ. ትናንት ወፎቹ እስከ ስድስት ሰዓት አልፈው አለቁ። እርስዎ በሰባት ሰዓት መጡ። ለባዶ ሰማይ እንድናጨበጭብ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን።

3ኛ. ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው መንጋ ከላያችን ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሩቅ ያለበትን ሰው ስም ወደ ሰማይ ይጣራል፤ እንዲመለስ። የሞተ ሰው አይጠራም። እርስዎ የሌላ አገር ሰው ሆነው ሳሉ ይህን ልማድ ማጥናትዎ ያስደንቃል። አምና ጸሐፊዎን ከነደብተሩ ከእትዬ ተስፋነሽ ኋላ አቁመውት ነበር።

እትዬ ተስፋነሽ ልጃቸው ደበሳ ለውትድርና እንዳይወሰድባቸው በወባ ሞተ ብለው አስመዝግበው ነበር። ድንኳን ጥለን ሦስት ቀን አለቀስን። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ከልቤ አለቀስሁ፤ እስካሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሰባት ወር ጥቁር ለበሱ። ከዚያ ንስሮቹ መጡ። እትዬ ቀና አሉ። ረሱ።

«ደበሳ! ኮቱ! ና ልጄ!»

ባለሱቁ ኑረዲን ነጠላቸውን ጎትቶ «እትዬ፣ ሞቷል እኮ!» ብሎ አንሾካሾከ። ዘግይቷል። ጸሐፊዎ ጽፎ ጨርሶ ነበር።

በሳምንቱ ደበሳ ኡካ ከአጎቱ ቤት ተያዘ፤ እናቱም ታሰሩ። የሞተ ልጅ አስነሥቶ ወደ ግንባር መላክ ለሊቀመንበር ሁሉ የተሰጠ ጸጋ አይደለም።

4ኛ. ትናንት መንጋው ሲደርስ ማንም አልተጣራም። ንስር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ክንፉ ድምፅ እንዳለው እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ጸሐፊዎ ብዕሩን እንደያዘ ቆመ። ገጹ ባዶ ቀረ።

እትዬ ተስፋነሽን ይፍቱልን። ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልመናዬ ይኸው ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ምስጋና ሁሉ ቢቀር አይጎዳዎትም።

በሦስተኛው ረድፍ ቆሜ፣ እጄ እስኪቀላ ካጨበጨብሁልዎት መካከል አንዱ ሆኜ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ። ስሜን መጻፍ ይገባኝ ነበር። አልቻልሁም።

ማስታወሻ፦ ወደ ሌላ አውራጃ ሊዛወሩ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ፣ በሚመጣው ጥቅምት እርስዎም ሩቅ ካሉት ሰዎች አንዱ ይሆናሉ። ጸሐፊዎ ደብተር ይዞ ኮረብታው ላይ አይልፋ፤ የእርስዎን ስም የሚጠራ የለም።