እንሰቷ ሳትቆረጥ ያነሳኋት ፎቶ

ለተወደድሽ እህቴ ለአትጠገብ፣

የጌታ ሰላም በቤትሽ ይደር። እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተወት አደረገሽ ወይስ አሁንም ዝናብ በመጣ ቁጥር ይመላለስብሻል? ባለቤትሽ ገሪማስ፣ ልጆቹስ፣ የቴፒ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ስሙ ይባረክ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሾፌሩ ከፈለኝ አንድ ፎቶና በኮባ የተጠቀለለ ቡላ ያደርስልሻል። የፎቶውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የቡላውን ስትሰሚ እንዳትቀየሚኝ።

ወደ ቴፒ ልትሄጂ ስትነሺ ከባለቤቴ ከአሰፋች ጋር ጓሮ የተከላችኋት እንሰት ጣራውን አልፋ ነበር። «ሳላያት እንዳትቆርጧት» ብለሽ የላክሽው ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። ነገር ግን አናቷ ላይ ቅጠሉ እያጠረ መጣ፤ ልታብብ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አንዴ ካበበች ሆዷ ባዶ ይቀራል። ጎረቤታችን ትንቢት በአጥሩ ብቅ እያለች፣ «ጋሼ ጴጥሮስ፣ የሚስትዎን ድካም ለወፍ ሊያበሉ ነው?» ትለኝ ጀመር። አሰፋች ካረፈች ወዲህ ቢላ እንዲነካት አልፈቀድኩም። «አትጠገብ ትምጣ» እያልኩ አንቺን ሰበብ አደረግሁ እንጂ፣ አልችል ያለው የእኔው አንጀት ነበር።

ልጄ እዮብ ከሐዋሳ አዲስ ስልክ ልኮልኛል፤ በጣት የሚነካ ነው። እንግዲያው በቁሟ ላንሳትና ትያት ብዬ ይዤው ጓሮ ወጣሁ። ካሜራው ብዙ ዓይነት አነሳስ አለው። መጀመሪያ ወደ ራሴ አዙሬ ብሞክረው፣ ለካ ፊት የሚያሳምረውን ነክቼ ኖሯል፤ የፊቴን መስመር ሁሉ ደልዞ እንደ ሙሽራ አወጣኝ። እግዚአብሔር በዕድሜ የጻፈብኝን ስልክ ሲያጠፋው አልወደድኩትም። እንሰቷ ደግሞ አልገባ አለች፤ እግሯ ሲገባ አናቷ ይቀራል። እዮብ ጋ ብደውል፣ «አባዬ፣ ፓኖራማ የሚለውን ንካ፤ ስልኩን አጋድመህ ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያልክ ውሰደው» አለኝ። ስልኩን አዘንብዬ ፎቶው ላይ ግንዷን አጎበጥኳት። ትንቢት አይታ፣ «እሷንም እንደ እህትዎ ወገቧን ያዛት» ብላ ሳቀችብኝ። ደጋግሜ አቃናኋት።

ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ስነካ ግን ጓሮው ያን ዲላ የተነሳነውን ፎቶ መሰለኝ። ሠርጋችን ሰሞን ሦስታችን ስቱዲዮ ገብተን፣ ፎቶ አንሺው «አትተንፍሱ» ቢል አሰፋች የምሩን መስሏት ትንፋሿን እንደያዘች ቀረች። እሱ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ እንኳ አልለቀቀችም፤ አንቺ ነሽ ጎኗን ነክተሽ «በቃ፣ አልቋል» ያልሻት። እስከ ወናጎ ስንስቅ መጣን።

በመጨረሻ ስልኩ ራሱ ቆጥሮ የሚያነሳውን አገኘሁ። አጥሩ ላይ አስደግፌው ሮጥ ብዬ እንሰቷ ሥር ቆምኩ። እስኪቆጥር እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር። ፎቶውን ስናየው ትንቢት፣ «ይሄ ሁሉ ቦታ እያለ ምነው ዳር ላይ ተጣበቁ?» አለችኝ። እውነትም ከጎኔ የሁለት ሰው ቦታ ትቻለሁ። ሳላስበው ነው፤ እግሬ እንደ ዲላው ፎቶ ጊዜ የለመደበት ሄዶ ቆመ። ልቤ ትንሽ ረጋ ያለው ያን ጊዜ ነው። እንሰቷ ብትወድቅም ቦታው እኔ ጋ እንዳለ አየሁ።

ሐሙስ ዕለት ጸሎት አድርገን የሰፈሩ ሴቶች ቆርጠው ፋቋት። ሆዷ ሙሉ ነበር። በቦታዋ ችግኝ ተክያለሁ። ቡላው ከእሷ የወጣ ነው። ሳታዪያት በመቆረጧ ካዘንሽብኝ ንገሪኝ እንጂ በሆድሽ አትያዥው። ፎቶውን ዲላ ወርጄ አሳጥቤዋለሁ፤ ከጎኔ ክፍት ሆኖ ከምታዪው ቦታ አንዱ ያንቺ ነው። ስትመጪ ትቆሚበታለሽ።

ገሪማን ሰላም በይልኝ፤ የንቦቹን ነገር ይጻፍልኝ። ሀሴትን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ፣ ትንሹን አሚንን ደግሞ አጎትህ ስሞሃል በይልኝ። ቡላውን አገንፍተሽ ስትቀርቡ፣ ማዕዱን ከመባረካችሁ በፊት የአሰፋችን ስም አንሱልኝ።

ወንድምሽ ጴጥሮስ
ወናጎ፣ ጥር 23 ቀን 2008 ዓ.ም.