ግድቡን የሠሩት፣ ግድቡንም የከፈቱት አባታችን

በሰፈራችን «ጋሽ ግድቡ» በመባል የሚታወቁት ውድ አባታችን፣ ከዓሣ አጥማጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. በባሕሩ ዳር ካለው ጨዋማ ረግረግ አጠገብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1957 ዓ.ም. ረግረጉን አድርቆ የግጦሽ መሬት ለማድረግ በተጀመረው ሥራ በቁፋሮ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው እንዳያልፍ የሚያግደውን የአፈር ግድብ ከጓደኞቻቸው ጋር ሠርተው ከጨረሱ በኋላ፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ ጠባቂው ሆኑ። ጠዋት ጠዋት እየተመላለሱበት፣ የላላውን ቦታ በተረከዛቸው ለይተው ይጠግኑ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ ከግድቡ ጀርባ በሠሩት ቤት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ዛሬም የምንኖረው በዚያው ቤት ነው።

ውሎ አድሮ ግን የደረቀው መሬት እየሰመጠ፣ ላዩም ጨው እያወጣ ሄደ። ሣሩ ጠፋ፤ ወፎቹም ሸሹ። ባለሙያዎች መጥተው ረግረጉ እንዲመለስ ግድቡ በአንድ በኩል ይከፈት ሲሉ፣ አባታችን ሲቃወሙ ከርመው በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አካፋ ራሳቸው አነሡ። ለምን እንደሆነ ለእናታችን እንኳ አልነገሩም። ጎረቤት «ጋሽ ግድቡ፣ በወጣትነትዎ የደፈኑትን በሽምግልናዎ ይቆፍራሉ?» ብሎ ሲቀልድባቸው፣ «ያኔም ታዝዤ ነው፣ አሁንም ታዝዤ ነው፤ ማን እንዳዘዘኝ ብቻ ጠፋብኝ» ይሉ ነበር።

ውሃው ከገባ በኋላ ባለሙያዎቹና ሠራተኞቻቸው የረግረግ ሣር ችግኝ እንደ ጎመን መደብ በገመድ አስተካክለው ተከሉ። ባሕሩ ጠርጎ ወሰደው። ሣሩ የበቀለው ማንም ባልተከለበት፣ ሠራተኞቹ ረግጠው ባቦኩት መተላለፊያ ላይ ነው። አባታችን እዚያ ቆመው ብቻቸውን ሲስቁ ይታዩ ነበር፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን እስካሁን አልገባንም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ታላቅ ልጃቸውን ጠርተው «ክፍተቱን ድፈኑት፤ ልጆቹን ውሃ እንዳይወስድብሽ» አሏት። በማግስቱ ወንድሟን «እንዳትነኩት» አሉት። ሁለቱንም ቀን አእምሯቸው ደህና ነበር። ዘንድሮ ውሃው የጓሯችንን አጥር ነክቷል፤ የሚቀጥለው ትልቅ ሙላት የት እንደሚደርስ ማሰብ ያስፈራል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችንም ክፍተቱን ለመድፈን አካፋቸውን አዘጋጅተዋል።

አባታችን በተወለዱ በ78 ዓመታቸው መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይህን ያልተፈታ ነገር ትተውልናል። ስለ ክፍተቱ ሌላ ቃል ከአፋቸው የሰማ ካለ፣ ከቀብር መልስ እባካችሁ ለቤተሰቡ ይንገር። እስከዚያው ግን፣ የፈራነውን ያህል ብንፈራም፣ ማንም አካፋ እንዳያነሣ በትሕትና እንለምናለን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ግድብ በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የትኛው ቃላቸው የመጨረሻው እንደሆነ ይግለጥልን። አሜን።