ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ሪፖርት

ቀን፦ ሐምሌ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወይቦ ገጠር ውሃ ልማት ፕሮጀክት የቦርድ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ ባላጠፋሁት ጥፋት የጠፋው ስሜ በጠፋበት ቦታ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች በፕሮጀክቱ የሶዶ ጽ/ቤት የመልእክት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ነበርኩ ያልኩት ከግንቦት ወዲህ አረካ የቧንቧ መጋዘን ጠባቂ ስለተደረግሁ ነው። መጋዘኑ ውስጥ አንድም ቧንቧ የለም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሚልክያስ ቦሼ ቧንቧው እንዳይመጣ ያደረገችው እሷ ናት ብለው ለሰው ሁሉ ነግረዋል። እውነቱ ግን የሚከተለው ነው።

1. የሶዶ የስልክ መስመር ሥዕልና ቀለም ያለበትን የኢሜይል ፕሮግራም መሸከም አቃተው። ስለዚህ አዋሳ የሠለጠንኩበትን፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየውን ፕሮግራም ጫንኩ። የሰርቨሩን ስም፣ የይለፍ ቃሉንና ሞደሙ የሚደውልበትን ቁጥር አስገብቼ በጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል መጻጻፍ ጀመርን። ማውዝ አይፈልግም፣ ሁሉም በኪቦርድ ነው። አቶ ሚልክያስ ሲያዩት “ይሄ ደግሞ ምን የደርግ ዘመን ዕቃ ነው?” ብለው ሳቁ። ይሳቁ፣ ይሠራ ነበር።

2. በጳጉሜን 1995 ከስብሰባ ሲመለሱ የኮምፒውተሩ ቀን በፈረንጅ መሆኑን አይተው ተቆጡ። የራሳችን አቆጣጠር እያለ ምን ሲባል ብለው ቀኑም ሰዓቱም በእኛ እንዲሆን በቃል አዘዙ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፣ ፕሮግራሙም በምንልከው ደብዳቤ ራስጌ ላይ የማሽኑን ቀን ይጽፋል ብዬ አስረዳሁ። “አንቺ ለማሽን ጠበቃ ቆመሻል እንዴ?” አሉኝ። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ስላለ መስከረም እስኪጠባ ጠብቄ የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሌለው ጥቅምት 30 ላይም እምቢ ብሎኛል። ይህንንም ተናግሬአለሁ፣ ማን ሰምቶኝ!

3. በኅዳር የሁለተኛውን ዙር ቧንቧ የሚያስፈቅደውን ሪፖርት አዲስ አበባ ላለው ለጋሽ ድርጅት ላክሁ። ፕሮግራሙ ተልኳል አለኝ። እነሱ ግን አልደረሰንም አሉ። በታኅሣሥም በጥርም ደግሜ ላክሁ፣ መልሱ ያው ነው። የስልክ ገመዱን ቀየርኩ። የሰርቨሩን ስም ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ከነጋዴው ከበድሩ ሞደም ተውሼ ሞከርኩ። ለራሴ ስልከው ይደርሳል፣ ለእነሱ ስልከው ደብዛው ይጠፋል፤ ላብድ ምንም አልቀረኝም ነበር። በፋክስ እንላከው ብል አቶ ሚልክያስ ኢሜይል እያለ ምን ወጪ ያስፈልጋል አሉ። በጥር መጨረሻ ድርጅቱ ጊዜው አልፏል ብሎ ቧንቧውን ለሌላ ዞን ሰጠ።

4. በሚያዝያ የድርጅቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ወ/ሮ ናጂያ የመልእክት ሳጥናቸውን ሊያጸዱ እስከ ታች ሲወርዱ ሦስቱንም ሪፖርቶቻችንን ከሁሉም ግርጌ አገኟቸው። ሳጥኑ ደብዳቤ የሚደረድረው በተጻፈበት ቀን ነው። የእኛ ደግሞ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በፈረንጅ 1996 የተጻፈ ይላል። ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት ማለት ነው! ወ/ሮ ናጂያ ደውለው ሲነግሩኝ ሮጬ ለአቶ ሚልክያስ አስታወቅሁ።

ያገኘሁት ምላሽ ግምገማ ነው። ትእዛዙ የማን እንደነበር የሚያውቀው ሠራተኛ ሁሉ አቀረቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህ ነው። የአመለካከት ችግር አለባት፣ ኋላቀር ፕሮግራም ሙጥኝ ብላ ልማት አደናቀፈች ተባልኩ። ግለ ሂስ አድርጊ አሉኝ። አላደረግሁም፣ አላደርግምም።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። አቶ ሚልክያስ ግን በግንቦት በበዴሳ መንገድ ወዳለችው፣ ቧንቧውን ስትጠብቅ ወደነበረችው ቀበሌ ሄደው፣ ሕዝቡን ሾላ ሥር ሰብስበው፣ ቧንቧው የቀረው በገዛ ልጃችሁ በብሩክታይት ነው አሉ። የተወለድኩት እዚያ ነው። ሴቶቹ ዛሬም ከብት ከሚጠጣው ኩሬ ይቀዳሉ። በሰኔ ልቅሶ ልደርስ ስሄድ ያሳደገችኝ አክስቴ አሳየሽ ከዚያ ኩሬ የተቀዳ ውሃ በጣሳ ሰጠችኝና “ጠጪ፣ ያንቺው ነው” አለችኝ። ሰው ፊት ነበር። ጠጣሁት። ክቡር ሰብሳቢ፣ እንደዚያ ቀን ተቃጥዬ አላውቅም።

ስለዚህ ከአረካ መልሱኝ አልልም። የይቅርታ ደብዳቤም አልፈልግም። ስሜ የጠፋው በአፍ ነው፣ በወረቀት አይመለስም። አቶ ሚልክያስ ያንኑ ሕዝብ እዚያው ሾላ ሥር ሰብስበው፣ በዚያው በወላይትኛ፣ ቀኑን ያስቀየሩት እሳቸው መሆናቸውን እንዲናገሩ ቦርዱ ያዝልኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው እምቢ ካሉ እምቢታቸውን ቦርዱ ራሱ ሄዶ ለሕዝቡ ይንገር።

እኔ እዚያ አልገኝም፣ መስማትም አያስፈልገኝም። አክስቴ ትስማ። ልጄ ነይ ብላ ከላከችብኝ አቤቱታዬ መልስ አግኝቷል።

ለቦርዱ ብቻ ከማቀርበው ሰላምታ ጋር፣

ብሩክታይት ባዳቾ
(ፊርማ)