እሾህ መልሰው እንዲተክሉ ስለታዘዙት ወይዘሮ ገላነሽ

ለተከበሩ የበረት ሜዳ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ በመስኮትዎ የሚያዩትም ሁሉ አረንጓዴ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ አስቀድሞ ስለተሳካልዎ እንኳን ደስ አለዎት። እኛም ደኅና ነን። ከብቶቻችን ግን ደብዳቤ መጻፍ ስለማይችሉ የእነሱን ነገር እኔ ላቅርብልዎ።

የምጽፍልዎ አርባ ሦስት ቤተሰቦች የግጦሽ ዳኛ አድርገው የመረጡኝ መንግሥቴ ነኝ። የግጦሽ ዳኛ የሚባል ሹመት በቢሮዎ መዝገብ ላይኖር ስለሚችል በአጭሩ ላስረዳ። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ፣ ጭቃው ገና ለስላሳ ሳለ፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ይልካል፤ አሜከላ የሚባለው እሾሃም አረምም በአንድ ቀን ከነሥሩ ተነቅሎ ያልቃል። ሰው ያልላከ ቤት ከብቶቹ የሌላው ከብት እስኪጠግብ ዳር ቆመው ያያሉ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥረው የግጦሽ ዳኛው ነው። ወረታ ከተማ ጨርቅ የምትነግደው ራሂማ እንኳ ለሁለት ላሞቿ ስትል በየዓመቱ ሱቋን ዘግታ ትመጣ ነበር። ከዚያ እርስዎ መጡና ሁላችንንም ከዚህ ድካም ገላገሉን። ስለዚህ ውለታዎ የሚከተለውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ከአራት ዓመት በፊት የኮረብታውን የወይራና የዋንዛ ደን ከግርጌው ሜዳ ጋር አንድ አድርገው ሲከልሉ፣ ደኑን በደስታ ሰጥተንዎታል። ደኑ በእርግጥም አገግሟል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሜዳውን ግን ከከብት ብቻ ሳይሆን ከእኛም እጅ ጠበቁት። እንዲህ የተተወ ሜዳ ምን እንደሚሆን በስብሰባው ላይ ልንናገር ስንነሣ አስተያየት የሚቀርበው በጽሑፍ ብቻ እንደሆነ ተነገረን። በጽሑፍ ስናቀርብ ስብሰባው እንዳለቀ ተነገረን። ለዚህ ሥርዓት አክባሪነትዎ ምስጋናችን ይድረስዎ።

፪. የዓመቱ ሪፖርትዎ የሜዳው የዕፅዋት ሽፋን በእጥፍ እንዳደገ፣ ይህም ከሰማይ በተነሣ ፎቶ እንደተረጋገጠ ይገልጻል። እውነት ነው። ከሰማይ ሲታይ አሜከላም ሣርም አረንጓዴ ነው። ላም ግን ከሰማይ አትግጥም። ከባሕር ዳር ያመጧቸው እንግዶች በሐምራዊው የአሜከላ አበባ መካከል ቆመው የተነሡት ፎቶም የቀን መቁጠሪያዎ ሽፋን ሆኖ ወጥቷል፤ በጣም ያምራል። እንግዶቹ ከዚያ በኋላ መኪናው ጥግ ተቀምጠው ከሱሪያቸው እሾህ ሲለቅሙ የቆዩበት ሰዓት በፎቶው አለመካተቱ ብቻ ያሳዝናል።

፫. ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወይዘሮ ገላነሽ ከጥብቅ ስፍራው አጥር አጠገብ ትንሽ የሩዝ ማሳ አላቸው። አሜከላው አጥሩን አልፎ ወደ ሩዛቸው ሲገባ፣ መስከረም ፳፰ ቀን አጥሩን ተሻግረው ገብተው መንቀል ጀመሩ። የቢሮዎ መኪናም ከነሸክማቸው ደረሰባቸው። ባለሙያዎ አጎንብሶ የተነቀለውን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ስልሳ አራት ግንድ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ ከቢሮዎ ሰው አሜከላ በእጁ ሲነካ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወይዘሮዋ ቢሮዎ ቀርበው ለምን የተከለለ ተክል እንደነቀሉ ሲጠየቁ፣ ጠያቂያቸው በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ስለሚሆን እንደ ልጅ መለሱለት፦

«ልጄ፣ እሾህ እኮ ነው የነቀልሁት። ከናፈቀህ መልሼ ልትከልልህ።»

እኛ ሳቅን። ቃለ ጉባኤ ያዡ አልሳቀም። ሳምንት ሳይሞላ በእርስዎ ፊርማና በክብ ማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ጥፋተኛዋ የነቀለችውን ለመተካት በራሷ አንደበት ፈቃደኝነቷን ስለገለጸች፣ እስከ ጥቅምት ፴ ቀን የጥፋቱን እጥፍ፣ ማለትም መቶ ሃያ ስምንት ግንድ አሜከላ በሜዳው ላይ እንድትተክል፣ እስኪጸድቅም እንድትንከባከብ ታዝዛለች፤ ይህ ካልሆነ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። አሜከላ ለመጽደቅ እንክብካቤ እንደሚሻ የሚያምን ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ አልተገኘም ነበር፤ ስለ አዲሱ ዕውቀት እናመሰግናለን።

ወይዘሮ ገላነሽ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው ላይ ቀልዱ እንዳለቀ ገባቸው። በሰባ ዓመታቸው ፍርድ ቤት ቆመው የማያውቁ ሴት፣ የሠሩት ወንጀል ምን እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ፤ እኔም እርስዎን ልጠይቅ ተነሣሁ።

፬. አበባው አሁን መርገፍ ጀምሯል። ጥቅምት ሳያልቅ ዘሩ ፈንድቶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ካለፉት ዓመታት ዘር ጋር ሲደመር፣ ከርሞ ለሚነቅለው ሰው እጅ አይበቃውም፤ ሜዳውም ሜዳ መሆኑ ይቀራል። ከአርባ ሦስቱ አሥራ አንዱ ላሞቻቸውን ሐሙሲት ዘመድ ጋ አስጠግተዋል። የቀሩትም ይከተሉ ወይም ይቆዩ እንደሆነ ለመወሰን ይህን ጥቅምት እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ሳይሰሙ እንዳይቀሩ በማሰብ የሚከተለውን አሳውቅዎታለሁ። ማክሰኞ ጥቅምት ፲፰ ቀን፣ ሥራ የሚያስፈታ ታቦት በሌለበት፣ ጁምዓም ባልሆነ ቀን፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ወደ በረት ሜዳ ገብቶ እንደ ቀድሞው አሜከላ ሲነቅል ይውላል። ደኑን ማንም አይነካም። የጥፋት መመዝገቢያ ቅጽዎ ለአንድ ሰው ስም ብቻ ቦታ ስላለው ባለሙያዎ እንዳይቸገር የአርባ ሦስታችንን ስም ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የመጀመሪያው ስም የወይዘሮ ገላነሽ ነው፤ ልቅደም ያሉት ራሳቸው ናቸው። አሜከላውን እንደማይተክሉም በጣት አሻራቸው አረጋግጠዋል፤ ወረቀቱ በሁለተኛው ገጽ ይገኛል።

እስከዚያው ድረስ፣ ሣራችንን ከከብታችን አድነው ለእሾህ ላስረከቡት ለክቡርነትዎ፣ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሶ የሚውል ሕዝብ ሊሰጥ የሚችለውን የአክብሮት ሰላምታ ሁሉ ከወዲሁ አቀርባለሁ።

መንግሥቴ ኪዳነ ማርያም
የበረት ሜዳ የግጦሽ ዳኛ
ጥቅምት ፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ወረታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት የጥብቅ ስፍራው ጥበቃ ይርዳው ከበሩ ላይ ቢታጣ እባክዎ አይቀየሙት። የእናቱ ቤት ሰው መላክ አለበት፤ ከቤቱም ወገቡ የሚታጠፍለት እሱ ብቻ ነው። የደንብ ልብሱን እሾህ እንዳይቀደው ብሎ እቤት ትቶት ይመጣል፤ ረቡዕ ጠዋት ለብሶት ሊይዘን ይችላል።